ሜትር የለመደ እጅ ሰው ሲስል

ጥያቄ፦

«ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ በሐዋሳ ከተማ የምኖር የ39 ዓመት ልብስ ሰፊ ነኝ። መርፌና መቀስ ከያዝኩ 17 ዓመት ሆኖኛል። ሥዕል ከልጅነቴ ጀምሮ ስለምወድ፣ ካለፈው ጥቅምት ወዲህ እሑድ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰቡ ፊታቸው የተቀመጠን ሰው ከሚስሉ የከተማችን ሠዓልያን ጋር ተቀላቅያለሁ። ሞዴል ሆነው የሚቀመጡልን አንዳንድ ጊዜ የአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎች፣ አንዳንድ ጊዜ የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ሰው ሲታጣ ደግሞ ከመካከላችን አንዱ በተራው ይቀመጣል። የሰውን አካል መጠን ከማንም በላይ አውቃለሁ ብዬ ነበር የገባሁት፤ ነገር ግን የምስለው ሰው ሁሉ እንደ ግንድ የደረቀ ነው፤ እግሩም ሁልጊዜ ከወረቀቱ ውጭ ይቀራል። ከሦስት ሳምንት በፊት ቡና የሚሸጡ አንዲት እናት ተቀምጠውልን ነበር። በዕረፍቱ ሰዓት መጥተው ሥራዬን አዩና ‹ይህቺ እኔ ነኝ?› አሉ። ወረቀቱን እዚያው ቀደድኩት። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም፤ ቤቴ ሆኜ ስልኬ ላይ ካሉ ፎቶግራፎች እየሳልኩ ነው፤ ይህም ይቀለኛል። ባለቤቴ ‹የሰው ሴት ላይ ሁለት ሰዓት ማፍጠጥ ምን የሚሉት ሥራ ነው?› ትለኛለች። ከአባላቱ አንዱ ደግሞ ልብስ የለበሰ ሰው እየሳልን ትምህርቱን አናገኘውም፣ ሞዴሎቹ ልብሳቸውን እንዲያወልቁ ገንዘብ ጨምረን እንጠይቅ እያለ ነው። የመቀመጥ ተራዬም ሁለት ጊዜ ደርሶ በሰበብ አልፌዋለሁ። ልቀጥል ወይስ ፎቶግራፉ ይበቃኛል?»

ልኬቱ የጠፋብኝ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፤ ከጥያቄዎ መጨረሻ ልጀምርና፣ ይመለሱ እላለሁ። በመጪው እሑድ ይመለሱ፤ እጄ እስኪስተካከል ብለው አይቆዩ፤ እጅዎ የሚስተካከለው ሰው ፊት ሲቀመጡ ነውና። ከፎቶግራፍ መሳል የቀለለዎት ከሥራው ሁሉ ከባዱን ክፍል መሣሪያው አስቀድሞ ስለጨረሰልዎ ነው። ሰው ጥልቀት ያለው ፍጥረት ነው፤ አፍንጫው ከጆሮው ይቀድማል፣ ሲቀመጥ ጉልበቱ ከሆዱ ይቀድማል፤ ይህንን ወደ አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ማምጣት የሠዓሊው ዋና ድካም ነው። ካሜራው በአንድ ዓይኑ አይቶ፣ ጥልቀቱን አጥፎ፣ ጥላውን አጨልሞ ሰጥቶዎታል፤ ለእርስዎ የቀረልዎት መገልበጥ ብቻ ነው። ፎቶግራፍ መልክን ለማስታወስ እንደሚረዳ አልክድም፤ ገና ማየትን በሚማር ሰው እጅ ሲገባ ግን ያልተማረውን የተማረ ያስመስለዋል፤ ለዚህም ነው አሁን እንዳይደገፉበት የምመክርዎት።

ደብዳቤዎን ሳነብ ከሁሉ በላይ ቆም ብዬ ያሰብኩበት፣ የሰውን አካል መጠን ከማንም በላይ አውቃለሁ ያሉትን ነው። እውነትዎን ነው፤ ያውቃሉ። ችግሩም ከዚያው የሚጀምር ይመስለኛል። አንድ ደንበኛ ሊለካ ሲመጣ አስቀድመው የሚሉት ምንድን ነው? «ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ እጅዎን ይልቀቁት» ነው። ትከሻው እኩል፣ ዳሌው እኩል ሆኖ፣ ሁለቱ እግሮቹ ክብደቱን ተካፍለው ሲቆም ነው ሜትርዎን የሚዘረጉት፤ እንዲህ ካልቆመ ኮቱ ይጣመማል። እንግዲህ በ17 ዓመት ውስጥ በእጅዎ ያለፈው ሰው ሁሉ ለልኬት የቆመ ሰው ነው። ሰው ግን ልብስ ሰፊ ፊት ካልሆነ በቀር እንዲያ አይቆምም፤ ታክሲ ሲጠብቅ በአንድ እግሩ ይደገፋል፣ ሲያወራ ወገቡን ይሰብራል፣ ሲደክመው ትከሻውን ይጥላል። ዓሣ አስጋሪው ፊትዎ በአንድ ጎኑ ዘንበል ብሎ ሲቆም፣ ዓይንዎ እርሱን ቢያይም እጅዎ የሚስለው በሱቅዎ መስታወት ፊት የቆመውን ደንበኛ ነው። ሥዕልዎ ግንድ የመሰለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ተሰጥኦ ጎድሎኛል ብለው አይዘኑ።

ሜትርዎ ያስለመደዎት ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም ርዝመት አይለወጥም የሚለው ነው። የአንዲት ሴት ጭን ከዳሌ እስከ ጉልበት 45 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ብትቆምም ብትቀመጥም 45 ነው፤ ቀሚሷንም በዚያው ይቆርጡላታል። ዓይን ግን በዚህ ሕግ አይሠራም። ቡና የሚሸጡት እናት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ወደ እርስዎ አዙረው ከነበረ፣ ያ 45 ሳንቲ ሜትር እርስዎ ከተቀመጡበት ሲታይ ከመዳፋቸው ስፋት እምብዛም ላይበልጥ ይችላል፤ ከሆዳቸው ቀጥሎ ወዲያው ጉልበት፣ ከጉልበት በታች ረጅም ቅልጥም ነው የሚታየው። ሥራውን ባላየውም የሆነውን እገምታለሁ፤ እጅዎ የሚያውቀውን ሙሉ ርዝመት ለጭናቸው ሰጠ፤ ጭናቸው ሲዘረጋ ቅልጥማቸው ወደ ታች ተገፋ፤ እግራቸውም ከወረቀቱ ወጣ። እግር ከወረቀት ውጭ መቅረቱና ሰውየው መድረቁ ሁለት ችግር መስለው ታይተዎታል፤ ምንጫቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም የሚመጡት ከሚያዩት ይልቅ የሚያውቁትን ሲያምኑ ነው።

ስለዚህ ሞዴል ፊት ሲቀመጡ የሱቁን ሜትር ትተው ሌላ መለኪያ መያዝ አለብዎት፤ ይህም እርሳስዎ ነው። ክንድዎን ክርንዎ እስኪቆለፍ ድረስ ወደ ፊት ይዘርጉ፤ አንድ ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ የእርሳሱን ጫፍ ከሞዴሉ አናት ጋር አስተካክለው አውራ ጣትዎን እስከ አገጩ ድረስ ያንሸራትቱ። ያገኙት የጭንቅላት ርዝመት የዚያ ቀን መለኪያዎ ነው። አባቶቻችን ጨርቁን በክንድ፣ አጭሩን ነገር በስንዝርና በጋት ይለኩ እንደነበረው ሁሉ፣ ሠዓሊም ሰውን በራሱ በሰውየው ጭንቅላት ይለካዋል። ቀጥ ብሎ የቆመ አዋቂ ሰው ብዙውን ጊዜ ሰባት ተኩል ያህል ጭንቅላት ይሆናል፤ የቁመቱ አጋማሽም ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ ጭኖቹ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው፤ የሱሪን የውስጥ ቁመት ሲለኩ የኖሩ ሰው ይህንን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ዓይኖቹ ከአናቱ እስከ አገጩ ባለው ርቀት መካከል ላይ ናቸው፤ ጀማሪ ሁሉ ግን ወደ ግንባሩ ከፍ ያደርጋቸዋል። ይህ ሁሉ ለቆመ ሰው ነው። የተቀመጠ፣ የተጋደመ ወይም ያጎነበሰ ሰው ስንት ጭንቅላት እንደሚሆን ማንም አስቀድሞ ሊነግርዎት አይችልም፤ በእያንዳንዱ አቀማመጥ እንደ አዲስ መለካት ይኖርብዎታል። ክርንዎ አንድ ጊዜ ታጥፎ ሌላ ጊዜ ተዘርግቶ ከለኩ፣ ወይም በመካከል ወንበርዎን ካንቀሳቀሱ፣ ልኬቱ ሁሉ ይበላሻል።

ከልኬት ቀጥሎ የሚመጣው ክብደት ነው፤ በእኔ እምነት ከልኬትም ይበልጣል፤ ልኬቱ ትንሽ ተሳስቶ ክብደቱ የተያዘለት ሥዕል ሰው ይመስላል፤ ልኬቱ ልክ ሆኖ ክብደት የሌለው ሥዕል ግን የተንጠለጠለ ልብስ ነው። ሰው ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ሲጥል በዚያ በኩል ያለው ዳሌ ከፍ ይላል፤ ሚዛኑን ለመጠበቅ ደግሞ በዚያው በኩል ያለው ትከሻ ዝቅ ይላል፤ አከርካሪውም በሁለቱ መካከል ይለመጣል። ከጉሮሮው ሥር ካለችው ጎድጓዳ ቦታ ቀጥታ መስመር ወደ ታች ቢወርድ፣ ክብደቱን የተሸከመው እግር ቁርጭምጭሚት አካባቢ ያርፋል። ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን በቱንቢ እንደሚያረጋግጠው፣ እርስዎም ከሱቅዎ ወፍራም ክር ወስደው ጫፉ ላይ ከባድ የብረት ቁልፍ ይቋጥሩና ከዓይንዎ ፊት አንጠልጥለው በክሩ አጠገብ ሞዴሉን ይመልከቱ። ጉሮሮው ከየትኛው ተረከዝ በላይ እንደሆነ፣ ጉልበቱ ከክሩ ምን ያህል እንደራቀ ክሩ ይነግርዎታል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ሳምንታት መልክ አይሳሉ፤ ጣትም አይሳሉ፤ የትከሻውን ዝንባሌ፣ የዳሌውን ዝንባሌና ከጉሮሮ ወደ መሬት የሚወርደውን መስመር ብቻ ያስምሩ። ጎረቤትዎ የሚያምር ፊት ስሎ ሲያዩ ልብዎ ሊሸፍት ይችላል፤ ይታገሡ።

ይህንን ለመለማመድ እሑድን ብቻ መጠበቅ አይኖርብዎትም። በማለዳ አሞራ ገደል ወርደው ጀልባቸውን ወደ ዳር የሚጎትቱትን ሰዎች ለአንድ ሰዓት ያህል ቢመለከቱ፣ ጎታቹ አካሉን ሁሉ ወደ ኋላ ጥሎ እግሮቹን ወደ ፊት እንደሚተክል፣ ገመዱ ቢለቀቅ በጀርባው እንደሚወድቅ ያያሉ፤ ያንን ሰው ቀጥ አድርጎ የሳለ ሠዓሊ ጀልባውን ከቦታው አላንቀሳቀሰውም። ዓሣ የሚያጸዱት ቁጢጥ ብለው ነው የሚሠሩት፤ የቁጢጥታ ክብደት የት እንደሚያርፍ እዚያ በደንብ ይታያል። በዙሪያቸው የሚቆሙት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ለጀማሪ ጥሩ መለማመጃ ናቸው፤ ረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ እግር ይቆማሉና በዚያ ቀጭን እግር ላይ ያ ሁሉ ገላ እንዴት እንደተመዘነ በክርዎ ሊፈትሹት ይችላሉ። ሰዎቹን ሲስሉ ግን ፈቃዳቸውን ይጠይቁ፤ በሥራ ላይ ያለን ሰው ከሩቅ ቆሞ መሳል ከደጃፉ ቆሞ እንደማየት ነው።

ማኅበራችሁ ሁለቱን ሰዓት ሁሉ ለአንድ አቀማመጥ የሚሰጥ ከሆነ ሥርዓቱ እንዲለወጥ ሐሳብ ቢያቀርቡ መልካም ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ለአጫጭር አቀማመጦች ይሁን፤ አሥር የአንድ ደቂቃ፣ አምስት የሁለት ደቂቃ፣ ሁለት የአምስት ደቂቃ ቢሆኑ ሠላሳ ደቂቃው ይሞላል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያውቁትን ለማስታወስ ጊዜ አይኖርዎትም፤ ያዩትን ብቻ ነው የሚያሰፍሩት፤ ለእርስዎ ዓይነቱ ብዙ ለሚያውቅ እጅ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላገኘሁም። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ አስቀድመው ሁለት አጫጭር ምልክቶችን ያድርጉ፤ አንዱ አናቱ የሚያርፍበት፣ ሌላው እግሩ የሚያርፍበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰውየውን በሁለቱ መካከል ያስገቡት። ከትከሻዎ እየሳቡ ይሥሩ፤ እንደ መርፌ በጣት ጫፍ ብቻ አይሁን። ከአጫጭሮቹ በኋላ በየ20 ደቂቃው ዕረፍት ያለው አንድ ረጅም አቀማመጥ ይከተል።

ከሙያዎ ሊጠቅምዎ የሚችል ነገር እንዳለም ላስታውስዎ። ጨርቅ ሲቆርጡ ቅዱን ካወጡ በኋላ በቀረው ጨርቅ ላይ ያለው ቀዳዳ፣ ከወጣው ቁራጭ ጋር አንድ ዓይነት ቅርጽ አለው። ሞዴሉ እጁን ወገቡ ላይ ሲያደርግ በክንዱና በጎኑ መካከል የምትፈጠረው ባለ ሦስት ማዕዘን ባዶ ቦታ እንደዚያ ቀዳዳ ናት። ክንዱን ይተዉትና ቀዳዳዋን ይሳሉ። ስለ ክንድ ብዙ ያውቃሉ፤ ስለዚያች ባዶ ቦታ ግን አስቀድመው የሚያውቁት ነገር ስለሌለ ሳይወዱ በግድ ያዩዋታል። እርሷ በትክክል ከወጣች ክንዱም ወገቡም አብረው ይወጣሉ።

አሁን ስለ ልብስ በማኅበራችሁ ወደተነሣው ሐሳብ ልለፍ። ባልደረባዎ ሐሳቡን ከየት እንዳመጡት ይገባኛል። በአውሮፓ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች እርቃኑን የቆመ ሰው መሳል ለብዙ ዘመናት የትምህርቱ መሠረት ሆኖ ቆይቷል፤ አፈወርቅ ተክሌ የተማሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ1871 የተመሠረተው የለንደኑ ስሌድ ትምህርት ቤትም በዚሁ ይታወቃል። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ግን ተማሪው ሰውን መሳል የሚለምደው በአብዛኛው ከመምህሩ ሥራ እየቀዳ ነበር፤ ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ፣ ክፉው ደግሞ በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን መሳሉ የትርጉም ሥርዓት ነው፤ የተቀመጠ ሰው እያዩ ለመሥራት የወጣ ሥርዓት አልነበረም። ሰውን ፊት ለፊት አስቀምጦ መሳል በመደበኛ ትምህርትነት የተተከለልን፣ በቺካጎ የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ካቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወዲህ ነው። ይህንን የማነሣው ልማዱ ለእኛ ገና ወጣት እንደሆነ ለማሳየት ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋ በር፣ ኃላፊነት የሚወስድ መምህርና የተጻፈ ደንብ አለው። እናንተ ያላችሁት እሑድ እሑድ የምትሰበሰቡበት አንድ ክፍል ነው፤ ሞዴሎቻችሁም ነገ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጅ የምታገኟቸው የአንድ ከተማ ሰዎች ናቸው። የተቸገረን ሰው ገንዘብ ጨምሮ ልብሱን ማስወለቅ ፈቃዱን እንደመጠየቅ አይቆጠርም። እኔ በማኅበራችሁ ውስጥ ብሆን ሐሳቡን በግልጽ እቃወመው ነበር፤ እርስዎም እንዲቃወሙት እመክራለሁ።

ትምህርቱ ይጎድልብናል ወይ ለሚለው፣ ለጊዜው የሚያስፈልጋችሁ ሁሉ በእጃችሁ ነው። የሰው አካል አወቃቀር የሚነበበው አጥንት ወደ ቆዳ በሚቀርብባቸው ቦታዎች ነው፤ የጉሮሮ ሥር ጎድጓዳ፣ የትከሻ ጫፍ፣ ክርን፣ የእጅ አንጓ፣ የጉልበት ሎሚ፣ ቁርጭምጭሚት። እነዚህ ሁሉ እጅጌ የሌለው ካናቴራና ቁምጣ ለብሶ በሚቀመጥ ዓሣ አስጋሪ ላይ በግልጽ ይታያሉ፤ ለቀረው የራስዎ አካልና መስታወት አለ። በልብሱ ላይ ደግሞ ከማኅበሩ ሁሉ የሚበልጡት እርስዎ ነዎት። ጨርቅ እጥፋት የሚያወጣው ከተወጠረበት ወይም ከተንጠለጠለበት ነጥብ ተነሥቶ እንደሆነ ያውቃሉ፤ እጅጌ ክርን ላይ ሲታጠፍ የት እንደሚሸበሸብ፣ ነጠላ ከትከሻ ሲወርድ ለምን ወደ አንድ በኩል እንደሚያጋድል፣ ቀሚስ ጉልበት ላይ ሲወጠር መስመሮቹ ወዴት እንደሚሮጡ ያውቃሉ። ሌሎች ሠዓልያን እጥፋትን እንደ ጌጥ ሲበትኑት፣ እርስዎ ከሥሩ ያለውን ትከሻና ጉልበት የሚጠቁም አድርገው ሊያስቀምጡት ይችላሉ። አንድ እሑድ ወፍራም ጋቢ የለበሱ አረጋዊ ይጠሩና ስለ እጥፋት ለባልደረቦችዎ ያስረዱ፤ እርስዎም ሲያስረዱ ይማሩበታል።

ባለቤትዎ ያነሡትን ጥያቄ በቀላሉ አይለፉት። ሰውን፣ ይልቁንም ሴትንና ሽማግሌን፣ ትኩር ብሎ አለማየት በአስተዳደጋችን የክብር ምልክት ነው፤ ቅር ያላቸውም ከመልካም አስተዳደግ የተነሣ ነው። ሞዴልን ማየት ከማፍጠጥ የሚለየው ስምምነት ስላለበት ነው፤ የተቀመጠው ሰው ለምን እንደሚታይ ያውቃል፣ ፈቅዷል፣ ይከፈለዋል፣ መቼ እንደሚያበቃም ያውቃል፤ ሲበቃው ደግሞ መነሣት ይችላል። ይህንን በቃል ከማስረዳት ይልቅ አንድ እሑድ ይዘዋቸው ይሂዱ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የከሰሉ ድምፅ ብቻ እንደሆነ፣ ሠዓሊው ዓይኑ ከክርን ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ ተረከዝ እየተመላለሰ ምን ያህል እንደሚደክም አይተው ይፍረዱ። ከዚያ በኋላም ካልወደዱት ሴት ሞዴል በምትቀመጥበት ዕለት ሌሎች ሴቶች አባላት ወይም እንግዶች በክፍሉ እንዲኖሩ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ይህ ለሞዴሏም ደኅንነት ይጠቅማልና ባለቤትዎ ባያነሡትም መደረግ የነበረበት ነው።

የመቀመጥ ተራዎን ሁለት ጊዜ በሰበብ ማለፍዎ ግን ትክክል አልነበረም። ሌላውን ሰው ሁለት ሰዓት እያዩ እርስዎ አንድ ጊዜ እንኳ ለመታየት አለመፍቀድዎ ከባልደረቦችዎ የተበደሩትን አለመመለስ ነው። ከዚህም በላይ ተቀምጠው ካላዩት የማይማሩት ብዙ ነገር አለ። በአምስተኛው ደቂቃ አፍንጫዎን ያሳክክዎታል፤ በአሥረኛው የተደገፉበት ክንድ ይከብዳል፤ በአሥራ አምስተኛው እግርዎ መደንዘዝ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ክብደት የት እንደሚያርፍ ከማንኛውም መስመር በተሻለ ይገባዎታል። ቀለል ካለ አቀማመጥ ይጀምሩ፤ ቢቆሙ ጉልበትዎን አጥብቀው አይቆልፉ፣ ደም ወደ ላይ መመለስ ሲያቅተው ሰው ሊወድቅ ይችላል፤ እጅዎን ከራስዎ በላይ የሚያነሡበትን አቀማመጥ ለአንድና ለሁለት ደቂቃ ብቻ ይምረጡ። ግድግዳው ላይ አንድ ነጥብ መርጠው እርሷን ይመልከቱ። ከዕረፍት በኋላ ወደዚያው ቦታ እንዲመለሱ፣ ሱቅዎ ውስጥ የማይጠፋውን ጠመኔ ይዘው ይሂዱና የጫማዎን ዙሪያ ወለሉ ላይ ያስምሩበት።

ለሌሎች ሞዴሎችም ያው ክብር ይገባቸዋል። ክፍያው ከመቀመጣቸው በፊት ይነገራቸው፣ በዕለቱም ይከፈላቸው፤ የዕረፍቱ ደቂቃ እንደ ሥራ ይቆጠር። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው እንዳያያቸው መስኮቱ ይጋረድ፤ ያለ ፈቃዳቸው ማንም በስልክ ፎቶግራፍ አያንሣቸው። አንድ ነገር ለእርስዎ ለብቻዎ ልንገርዎት። ደንበኛን በእጅ እየነኩ ማስተካከል የዕለት ሥራዎ ስለሆነ ሳያስቡት እጅዎ ሊቀድም ይችላል፤ ሞዴልን ግን አይንኩ። ትከሻው እንዲዞር ከፈለጉ በቃል ይንገሩት፣ ወይም በራስዎ ትከሻ አድርገው ያሳዩት።

ስለ ዕቃው አጭር ቃል ይበቃል። የቅድ መሥሪያ ካኪ ወረቀትዎ ለዚህ ሥራ ከነጩ ወረቀት ይልቅ ምቹ ነው፤ ጥላውን በከሰል፣ ብርሃኑን በትምህርት ቤት ጠመኔ ሲሠሩ የወረቀቱ ቀለም መካከለኛውን ቦታ ይይዝልዎታል። የሥዕል ከሰል ውድ ከሆነብዎት ወንዝ ዳር ከሚበቅለው አሃያ ቀጫጭን ቀንበጦች ቆርጠው፣ ልጠው፣ አድርቀው፣ ክዳኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ጥቅጥቅ አድርገው እሳት ላይ ያስቀምጡት፤ ከቀዳዳው የሚወጣው ጢስ ሲያቆም ያውጡትና ክዳኑን ሳይከፍቱ እስኪቀዘቅዝ ይተዉት። ብርሃን ከአንድ በኩል ብቻ ይግባ። የአውሮፓ መጻሕፍት የሚመክሩት የሰሜን መስኮት በሐዋሳ ዓመቱን ሙሉ አያገለግልም፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ በእኩለ ቀን ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል በዚያ መስኮት በቀጥታ ትገባለች፤ በእነዚያ ወራት ነጭ ስስ ጨርቅ ይጋርዱበት።

የቀደዱትን ወረቀት በተመለከተ፣ ያዘነልዎ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እኔ ያዘንኩት ለተቀመጡት እናት ነው። ከቡና ሥራቸው ሰዓት ሰጥተው ተቀመጡ፤ ዕረፍት ሲሆን ራሳቸውን ለማየት መጡ፤ ጠየቁ፤ ያገኙት መልስ መልካቸው ያለበት ወረቀት ፊታቸው ሲቀደድ ማየት ሆነ። እርስዎ የተቆጡት በእጅዎ ላይ ነው፤ እርሳቸው ግን ይህንን በምን ያውቃሉ? እሑድ ከመድረሱ በፊት ወደሚሸጡበት ቦታ ይሂዱ፤ ቡናቸውን ይጠጡና ይቅርታ ይጠይቋቸው። ፈቃደኛ ከሆኑ በሚመጣው ወር በዚያው በርጩማ፣ በዚያው አቅጣጫ ደግመው እንዲቀመጡ ማኅበሩን ያስጠይቁ። በዚያን ቀን ጭንቅላታቸውን በእርሳስ ለክተው ይጀምሩ፤ ከጉልበታቸው እስከ ሆዳቸው በዓይንዎ የሚታየው ስንት እንደሆነ ይለኩ፤ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ቢያስደነግጥዎትም እንዳገኙት ያስፍሩት። በዕረፍቱ ሰዓት ሲመጡ ወረቀቱን ወደ እርሳቸው ያዙሩላቸውና የሚሉትን ቆመው ይስሙ።